«ትንሽ» እና «ታናሽ»፦ የጣና ደቃቅ ዓሦች ስያሜ ታሪክ ከፎገራ ሜዳ አኳያ

1. መነሻ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወረታ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፤ ሌላው ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ ይገነጠላል። ከወረታ በስተምዕራብ እስከ ጣና ሐይቅ ዳርቻ የተዘረጋው ለጥ ያለ ምድር የፎገራ ሜዳ ነው። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ መስከረም ጠብቶ ውኃው መሸሽ ሲጀምር በየቦዩና በየረግረጉ በቀረው ውኃ ውስጥ ከጣት የማይበልጡ ዓሦች ሲርመሰመሱ ይታያሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የእነዚህን ጥቃቅን ዓሦች ስምና ባሕርይ ታሪክ መመርመር፣ ከዚያም ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች የሚጠቅም አንድ መደምደሚያ ማቅረብ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲል ይሁን።

ለጥናቱ መነሻ የሆነው የጸሐፊው የራሱ ስሕተት ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ገና በትርጉም ሥራ ልምድ ሳይኖረው፣ ስለ ጣና የዓሣ ሀብት በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ አንድ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እንዲመልስ ታዘዘ። ጽሑፉ በሐይቁ ውስጥ በብዛት ስለሚገኙ፣ አድገውም ከ10 ሴንቲ ሜትር ስለማይበልጡ ዓሦች ይናገር ነበር፤ እነዚህን በጥንቃቄ ማጥመድ ይቻል ይሆናል የሚል ሐሳብም ነበረበት። ተርጓሚው የመጣለትን ቃል ጻፈ፦ «የዓሣ ጫጩቶች»። ትርጉሙ ወረታ አጠገብ በተደረገ ስብሰባ ላይ ሲነበብ አንድ ሽማግሌ አጥማጅ እጃቸውን አንሥተው፣ «ጫጩቱን አጥምዱ ይሉናል እንዴ? ጫጩቱ ካለቀ የነገዋ እናት ከየት ትመጣለች?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ስሕተቱ የቃሉ ነበር። ጽሑፉ የተናገረው ስለ ልጆች ሳይሆን በተፈጥሯቸው ትንሽ ስለ ሆኑ አዋቂዎች ነበርና።

2. ሜዳው የሚሰይመውና ሳይሰይም የሚያልፈው

ፎገራ በከብቱ የታወቀ አገር ነው፤ በስሙ የሚጠራው የፎገራ ከብት ከአገራችን የከብት ዝርያዎች አንዱ ነው። የሜዳው ገበሬ ለከብቱ ያለው የስም ሀብት እንደ ማንኛውም አርቢ ሕዝብ የተሟላ ነው። ጥጃ፣ ወይፈን፣ ጊደር፣ ላም፣ ኮርማ፣ በሬ እያለ ዕድሜውን፣ ጾታውንና አገልግሎቱን በየስሙ ይለያል። አንድ ላም አጭርና ቀጭን ብትሆንም «ጥጃ» የሚላት የለም፤ ወልዳለችና ላም ናት። በከብት ረገድ መጠን ከዕድሜ ጋር አይምታታም።

ወደ ዓሣ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። በጣና ዙሪያ ባለው ገበያ ሦስት ታላላቅ ስሞች ይሰማሉ፦ አምባዛ፣ ቆሮሶ (ቀረሶ የሚሉም አሉ) እና ነጭ ዓሣ። አምባዛ ቅርፊት የሌለው፣ ጢም ያለውና ጭቃ ወዳዱ ዓሣ ነው። ቆሮሶ ዛሬ በከተማ «ቲላፒያ» የሚባለው ነው። ነጭ ዓሣ ግን እንደ ሁለቱ አንድ ዝርያ አይደለም። ሳይንስ «ላቤኦባርቡስ» ብሎ በአንድ ወገን የሚመድባቸው፣ በጣና ብቻ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች በዚህ ስም ይጠቃለላሉ።

ስም ኑሮን ይከተላል። ገበያ የሚወጣው ዓሣ ስም አለው፤ ከመረብ ቀዳዳ የሚያመልጠው ግን «ጥቃቅኑ» ተብሎ ይታለፋል። በ2011 በጣና ላይ መታየቱ የተነገረውን መጤ አረም ለንጽጽር ማንሣት ይቻላል። ሐይቁን ሸፍኖ መንገድና መረብ ስለ ዘጋ «እምቦጭ» የሚለው ስም በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመላ አገሪቱ ታወቀ። ጎጂው እንግዳ በየአፉ ሲጠራ፣ ከጥንት ጀምሮ በሐይቁ የኖረው ደቃቅ ዓሣ በመጠኑ ብቻ ተገልጾ ቀርቷል።

3. የ1835ቱ ስሞች

የጣና ዓሦች በዘመናዊ ሳይንስ መዝገብ ውስጥ የገቡት በፍራንክፈርቱ ተወላጅ በኤድዋርድ ሩፔል እጅ ነው። ሩፔል ከ1831 እስከ 1833 በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ እስከ ጎንደር ደርሷል፤ የሰበሰባቸውንም እንስሳት ወደ ፍራንክፈርት ወስዶ በዜንከንበርግ ሙዚየም አኑሯል። በ1835 ባወጣው ጽሑፍ የጣናን ዓሦች ሲሰይም የተከተለው መንገድ ለቋንቋ ተመራማሪ እጅግ ደስ የሚያሰኝ ነው። ለትላልቆቹ ዓሦች ከላቲንና ከግሪክ ያልመነጩ፣ ከአካባቢው የተወሰዱ ስሞችን ሰጠ፤ «ቤሶ»፣ «ኔድጂያ» እና «ጎርጓሪ» ከእነዚህ ይቆጠራሉ። «ቤሶ» «ቫሪኮሪኑስ» ለተባለው ወገን፣ «ኔድጂያ» ደግሞ «ላቤኦባርቡስ» ለተባለው ወገን መሠረት ሆኑ። ዛሬ በአፍሪቃ ወንዞችና ሐይቆች ከመቶ በላይ ዝርያዎችን የሚያቅፈው የላቤኦባርቡስ ወገን የቆመው እንግዲህ ከጣና ዳር በተሰማ ስም በሚጠራ ዓሣ ላይ ነው።

የስሞቹን ምንጭ ለመመርመር መቸኮል ግን አይገባም። «ጎርጓሪ» በመልኩ «ጎረጎረ» ከሚለው ግሥ የወጣ የባለቤት ስም ይመስላል፤ ጉድጓድ ወይም ጭቃ የሚጎረጉር ማለት ይሆናል። ይሁን እንጂ በዚህ ስም የሚጠራው ዓሣ ሌሎች ዓሦችን አድኖ የሚበላ ነው። ድምፁ ሲስማማ ባሕርዩ አልተስማማምና የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። «ቤሶ» ሲሰማ የማንም ሐሳብ ወደ ገብስ በሶ ይሄዳል። ነገር ግን ሩፔል ጀርመናዊ ነው፤ በጀርመንኛ አጻጻፍ በሁለት አናባቢዎች መካከል የሚገባው የ«ሰ» ፊደል እንደ «ዘ» ይነበባል። ስለዚህ የጽሑፉ መልክ «በሶ» ነው ወይስ «በዞ» ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም፤ የዱቄቱ ነገር ከመነሻው ሊወድቅ ይችላል። «ኔድጂያ»ንም «ነጭ» ከሚለው ቃል ጋር ለማያያዝ የሚፈልግ አይጠፋም። በላቲኑ የ«ዴ» እና የ«ጌ» ፊደላት ተከታትለው የተጻፉት ነዛሪ ድምፅ ለማመልከት ነው፤ የአማርኛው «ጭ» ግን ነዛሪ አይደለም፤ ፈንጂ ነው። ሁለቱን አንድ ለማድረግ ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለርእሳችን የሚጠቅመው ሩፔል ለትንሹ ዓሣ ያደረገው ነው። በዚያው ጽሑፍ አንድ ትንሽ ዓሣ አለ፤ ዛሬ «ጋራ ደምቤኤንሲስ» ይባላል። የዝርያ ስሙ የአገር ስም ነው፤ በጣና ሰሜን ካለችው ከደምቢያ የተወሰደ ነው። የድሮ አውሮፓውያን ካርታዎች ጣናን ራሱን «የደምቢያ ሐይቅ» ይሉት ነበር። ትላልቆቹ ዓሦች ስማቸውን ከሰው አንደበት ሲያገኙ ትንሹ ዓሣ ከቦታ አገኘ። የመጀመሪያው የስያሜ ልዩነት እዚህ ላይ ይታያል።

ለተርጓሚ አንድ ወጥመድ በዚህ ስም ውስጥ መኖሩን ሳንጠቅስ አናልፍም። «ጋራ» የሚለው የወገን ስም ፍራንሲስ ሃሚልተን ስለ ጋንጅስ ወንዝ ዓሦች በ1822 ካሳተመው መጽሐፍ የመጣ የሕንድ ቃል ነው። በአማርኛ ግን ጋራ ተራራ ነው። ስሙን በፊደላችን እንዳለ ገልብጦ «የጣና ጋራ» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ አንባቢውን ከውኃ አውጥቶ ኮረብታ ላይ ያስቀምጠዋል።

4. ስሞቹ የማን ነበሩ?

«የአገር ቤት ስም» ስንል የየትኛው ቋንቋ ስም ማለታችን እንደ ሆነም መጠየቅ ያስፈልጋል። በጣና ዳርቻ ከጥንት ጀምሮ በዓሣ ማጥመድ፣ በጉማሬ አደንና በደንገል ታንኳ ሥራ የኖረው የወይጦ ማኅበረሰብ ነው። ጄምስ ብሩስ በ1770 አካባቢ በዚያ ሲያልፍ ወይጦዎች ከሌሎቹ የአገሪቱ ቋንቋዎች የተለየ ቋንቋ እንደሚናገሩ ጽፏል። በ1907 አይገን ሚትቮኽ ስለ እነርሱ ሲጽፍ ግን ቋንቋቸው አማርኛ ሆኖ ነበር። ማርሴል ግሪዮል በ1928 ባለፈበት ጊዜም ያረጋገጠው ይህንኑ ነው።

ግሪዮል የሰበሰባቸውን የወይጦ አማርኛ ቃላት ማርሴል ኮኸን መርምሮ በ1939 አሳትሟል። ኮኸን አብዛኞቹን ወደ አማርኛ፣ ወደ ኩሻዊ ወይም ወደ ዐረብኛ ሥር መልሷቸው፣ ምንጫቸው የማይታወቅ ብሎ የተዋቸው 6 ብቻ ነበሩ። ከስድስቱ አንዱ «ሽልክሪት» ነው፤ ትርጉሙም የዓሣ ቅርፊት ማለት ነው። ሌሎቹ ክንፍን፣ ትንኝን፣ ትከሻንና የጉማሬን የሰውነት ክፍሎች የሚጠሩ ናቸው። አንድ ቋንቋ ሲሞት መጨረሻ የሚለቀቁት ቃላት የሙያው ቃላት መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ብሩስ ባለፈበትና ሚትቮኽ በጻፈበት ዘመን መካከል ነው ሩፔል የመጣው። ስለዚህ በ1835 በላቲን ጽሑፍ የታሰሩት ስሞች ከጎንደር አማርኛ የተወሰዱ ሊሆኑ እንደሚችሉ ሁሉ ከጠፋው ቋንቋ የተረፉ ፍርፋሪዎችም ሊሆኑ ይችላሉ። የሥርወ ቃል ጸሐፊ ሁሉንም ወደ አማርኛ ግሥ ለመመለስ ከመጣደፉ በፊት ይህን በር ክፍት መተው አለበት።

5. የ1902ቱና የ2000ው ስሞች

ሁለተኛው የስያሜ ምዕራፍ የተጻፈው ለንደን ውስጥ ነው። ኤድዋርድ ዴገን የተባለ ሰብሳቢ ከጣና ያመጣቸውን ዓሦች የብሪታንያ ሙዚየም ሊቅ ጆርጅ አልበርት ቡለንዠር በ1902 ገለጸ። ከእነዚህ መካከል ዛሬ የምንነጋገርባቸው ደቃቅ ዓሦች ይገኛሉ። ቡለንዠር አንዱን «ሁሚሊስ» አለው፤ በላቲን ዝቅ ያለ፣ ትሑት ማለት ነው። ሌላውን «ፕሌውሮግራማ» አለው፤ በግሪክ ጎኑ ላይ መሥመር ያለው ማለት ነው። ሦስተኛውን ጎኑ ላይ ባሉት ሦስት ነጠብጣቦች «ትሪስፒሎፕሌውራ» ብሎ ጠራው፤ ይህ ኋላ ከ«ሁሚሊስ» የማይለይ ሆኖ ተገኝቷል። ልብ እንበል፤ በእነዚህ ስሞች ውስጥ የጣና ሰው ድምፅ የለም። ስያሜው የተሰጠው ጠረጴዛ ላይ ለተጋደመ፣ ቀለሙ ለደበዘዘ ዓሣ ነው፤ የሚታየውም መጠኑ፣ መሥመሩና ነጠብጣቡ ብቻ ነው።

ቡለንዠር ትላልቆቹን ነጭ ዓሦችም በብዙ ስም ከፋፍሎ ነበር። በ1973 ባኒስተር የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ ይህን ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ዝርያ ጠቀለለው። በ1990ዎቹ ናግልከርከና ሲቢንግ የተባሉ የሆላንድ ተመራማሪዎች በሐይቁ ላይ በሠሩት ጥናት መልሰው በየዝርያቸው ለዩዋቸው፤ ከእነዚህም ስምንቱ ዓሣ በል እንደ ሆኑ ታወቀ። «ነጭ ዓሣ» የሚለው የገበያ ስም የሚጠቀልለውን ሊቃውንቱም በተራቸው ጠቅልለውት ነበር ማለት ነው። ስለዚህ አጥማጁን «ዓሣ አይለይም» ብሎ መውቀስ ፍትሕ አይደለም።

ሦስተኛው ምዕራፍ በ2000 ተጻፈ። ደ ግራፍ፣ እሸቴ ደጀን፣ ሲቢንግና ኦሴ በጋራ ባወጡት ጽሑፍ በሐይቁ መኻል፣ ከዳርቻ ርቆ የሚኖር ሌላ ደቃቅ ዝርያ ለይተው «ታናፔላጂዩስ» አሉት። ስሙ ሁለት ነገር ይናገራል፤ የሐይቁን ስምና የኑሮውን ስፍራ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ መሆናቸውም የሚዘነጋ አይደለም፤ እሸቴ ደጀን በ2003 በሆላንድ ቫኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክተርነት ድርሳን የእነዚሁ ደቃቅ ዓሦች ሥነ ምህዳርና ለአጥማጅነት ያላቸው ዕድል ነበር። ከ2015 ወዲህ በሳይንሱ መዝገብ የሦስቱም የወገን ስም «ባርቡስ» መሆኑ ቀርቶ «ኤንቴሮሚዩስ» ሆኗል። ባጭሩ፣ በ1835 ስም ከሰውና ከቦታ፣ በ1902 ከመልክ፣ በ2000 ከኑሮ ተወሰደ።

6. የደቃቁ ዓሣ ባሕርይ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ደቃቁ ዓሣ የነጭ ዓሣ ልጅ ነውን? አይደለም። ማስረጃው ሦስት ነው።

አንደኛው የዘር ማስረጃ ነው። የላቤኦባርቡስ ወገን በእያንዳንዱ የሰውነት ሴል ውስጥ 150 ገደማ ክሮሞሶሞች ሲኖሩት ደቃቆቹ ግን 50 ገደማ ብቻ አላቸው። አንዱ አድጎ ሌላውን አይሆንም።

ሁለተኛው የኑሮ ማስረጃ ነው። ሐይቁ ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ የሆነ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነው። ከሐይቁ መውጫ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ 40 ሜትር ገደማ የሚወርደው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ለይቶታል። በዚህ ተለይቶ በቀረ ውኃ ውስጥ ሦስቱ ደቃቆች ስፍራ ተከፋፍለው ይኖራሉ። «ፕሌውሮግራማ» ረግረጋማውን ዳርቻ ይወዳል፤ «ሁሚሊስ» ወደ ዳር ባለው ውኃ ይኖራል፤ «ታናፔላጂዩስ» በመኻሉ ውኃ እየተንሳፈፉ የሚኖሩትን በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ እንስሳት እየለቀመ ይበላል። ዓሣ በሎቹ ነጭ ዓሦች ደግሞ እነዚህኑ ደቃቆች ይበላሉ። እንግዲህ ደቃቁ ለነጩ ልጁ ሳይሆን ምግቡ ነው።

ሦስተኛው የመራባት ማስረጃ ነው። ደቃቁ ዓሣ ገና ከጣት ሳይበልጥ ዕንቁላል ያዝላል። ዕንቁላል ያዘለ ዓሣ «ጫጩት» ሊባል አይችልም። እርግጥ ሆዱ ያበጠ ሁሉ ዕንቁላል አለው ማለት አይደለም። በጣና ደቃቅ ዓሦች ሆድ ውስጥ «ሊጉላ» የሚባል ጠፍጣፋ የትል ጥገኛ እንደሚገኝ በጥናት ተረጋግጧል፤ ትሉ ሲያድግ የዓሣውን ሆድ ይነፋል፤ መራባቱንም ያሰናክላል። ስለዚህ ምርመራው ከሆዱ ውጭ ሳይሆን ከውስጥ መሆን አለበት።

የነጭ ዓሣ ልጆች ታሪክ ግን ሌላ ነው። ብዙዎቹ ነጭ ዓሦች በክረምቱ ማብቂያ ከሐይቁ ወጥተው እንደ ርብና ጉማራ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ይጓዛሉ፤ ጠጠርና ጥሩ ውኃ ባለበት ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። በ2010 ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በርብ ወንዝና በፎገራው የሸሸርና የወላላ ረግረጎች የተደረገ ጥናት በረግረጎቹ ከተያዘው ዓሣ ከ90 በመቶ በላይ አምባዛ ሆኖ አግኝቶታል፤ ነጭ ዓሣ በረግረጎቹ ውስጥ ሲራባ አልተገኘም። ሸሸርና ወላላ የአምባዛ ማሳደጊያ ናቸው ማለት ነው። በፎገራ ረግረግ የሚርመሰመሰውን ትንሽ ዓሣ ሁሉ «የነጭ ዓሣ ጫጩት» ማለት በቃል ብቻ ሳይሆን በእውነትም ስሕተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

7. ቃሉ ያመጣው ጣጣ

«ስም ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። በ1991 እና በ2001 መካከል የጣና ነጭ ዓሣ ክምችት በሦስት አራተኛ ያህል እንደ ቀነሰ ተመዝግቧል፤ ዋናው ምክንያት ዓሣው ለመራባት ወደ ወንዞች አፍ ሲሰበሰብ መጠመዱ ነው። በወንዞቹ ላይ በብርብራ ፍሬ መርዞ ማጥመድም ከአዋቂው ጋር ልጁን ይገድላል። በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ከወጣ ወዲህ ስለ ዓሣ የሚነገር ቃል የሕግ ቃል ሆኗል። ሕግ አስፈጻሚው የመረብ ቀዳዳ ሲለካ፣ አሠልጣኙ ለአጥማጅ ሲያስተምር፣ በእጃቸው ያለው የአማርኛ ቃል ነው።

እንግዲህ ልጁንም ደቃቁንም «ጫጩት» ብንላቸው፣ ጫጩት እንዳይያዝ የሚከለክል መመሪያ ደቃቁን ዓሣ ፈጽሞ ይዘጋዋል። ሁለቱንም «ትናንሽ ዓሦች» ብንላቸው ደግሞ፣ ትናንሽ ዓሦች ይጠመዱ የሚል ምክር የነጭ ዓሣን ልጆች ያስፈጃል። ሽማግሌው የጠየቁት ይህንኑ ነበር።

የችግሩ ሥር ከአንድ ተርጓሚ ቸልተኝነት ይልቃል። አማርኛ መጠንንና ዕድሜን በአንድ ቤት የማኖር ልማድ አለው። «አነሰ» ከሚለው ግሥ «ትንሽ» እና «ታናሽ» ወጡ፤ «ላቀ» ከሚለው «ትልቅ» እና «ታላቅ» ወጡ። «ትንሽ ልጅ» ስንል ዕድሜውን ነው፤ «ትንሽ ቤት» ስንል መጠኑን ነው። ግእዙም ከዚህ አያመልጥም። «ደቂቅ» ልጆችም ጥቃቅኖችም ማለት ነው፤ «ደቂቀ አዳም» የአዳም ልጆች ሲሆኑ «ደቂቅ ዘአካላት» ግን በማጉያ የሚታዩ ሕያዋን ናቸው።

ይሁን እንጂ ችግሩን የፈጠረው ቋንቋ መፍትሔውንም ይዟል። «ታናሽ ወንድሜ» ከእኔ ቢረዝምም ታናሽነቱ አይቀርም፤ ቃሉ ከመጠን ተላቆ ለዕድሜ ብቻ ቆሟል። «ደቃቅ» ደግሞ ከዕድሜ ተላቆ ለመጠን ብቻ ቆሟል፤ ጤፍ ደቃቅ እህል ናት፤ የስንዴ ልጅ ናት የሚላት ግን የለም። እነዚህን ልዩነቶች ተናጋሪው ያውቃቸዋል፤ የሚቀረው በሙያ ቃልነት ማጽናት ብቻ ነው።

8. ለመዝገበ ቃላት የሚቀርብ ሐሳብ

ከላይ በተገለጸው መሠረት የሚከተሉት ፍቺዎች ለውይይት ቀርበዋል።

የዓሣ ጫጩት፦ ከዕንቁላል ወጥቶ ለመራባት ያልደረሰ ዓሣ፤ የማንኛውም ዝርያ ልጅ። ቃሉ ከዶሮ የተወረሰ ቢሆንም በጋዜጣና በራዲዮ ስለ ጸና መለወጥ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው በዕድሜ ብቻ መወሰኑ ነው።

ደቃቅ ዓሣ፦ አድጎና ለመራባት ደርሶም በተፈጥሮው ከ10 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ የዓሣ ዝርያ። በጣና የሚገኙትን ሦስቱን በኑሮ ስፍራቸው የረግረግ ደቃቅ፣ የዳር ደቃቅ እና የባሕር ደቃቅ ብሎ መለየት ይቻላል። የጣና ዳር ሰው ሐይቁን «ባሕር» ይለዋልና ሦስተኛው ስም ለጆሮው እንግዳ አይሆንም።

ነጭ ዓሣ፦ የላቤኦባርቡስ ወገን ዓሦች የጋራ መጠሪያ፤ በጣና ከ15 የማያንሱ ዝርያዎችን ያጠቃልላል። የአንድ ዝርያ ስም አድርጎ መፍታት አይገባም።

«ድንክ ዓሣ» የሚለው ሐሳብ ተመዝኖ ተትቷል፤ ድንክ ከወገኑ አንሶ የተፈጠረ ማለት ስለ ሆነ ደቃቁን እንደ ጎደሎ ያስቆጥረዋል። «ትንሽ ነጭ ዓሣ» ማለትም ከተነሣንበት ስሕተት ይመልሰናል።

እነዚህ ስሞች ቢሮ ውስጥ የተሸመኑ መሆናቸው ግን አይካድም። በ1902 ለንደን ላይ የተደረገውን እኛም አዲስ አበባ ላይ እንዳንደግመው ሐሳቡ ከመጽደቁ በፊት በወረታ፣ በርብና በጉማራ አፍ፣ በሸሸርና በወላላ ዳር ለሚያጠምዱ ሰዎች ሊቀርብ ይገባል። ከእነርሱ መካከል አንዱ ለደቃቁ ዓሣ የራሱ ስም ካለው፣ ቅድሚያው ለዚያ ስም መሆን አለበት፤ የእኛ ቃል በፍቺው ውስጥ ይግባ። መጠየቁ ደግሞ ለነገ የሚባል አይደለም። በሩዝ እርሻ መስፋፋት የፎገራ ረግረጎች እየጠበቡ ነው፤ ረግረጉ ሲጠፋ ዓሣው፣ ዓሣው ሲጠፋ ስሙ ይከተላል። የወይጦ ቋንቋ ከሄደ በኋላ የተረፈችው አንዲት የዓሣ ቅርፊት መጠሪያ ለዚህ በቂ ማስጠንቀቂያ ናት።

የሽማግሌው ጥያቄ እስከ ዛሬ በጸሐፊው ጆሮ አለ። ያን ቀን የሚሰጠው መልስ አልነበረውም፤ ዛሬ ቢጠየቅ እንዲህ ይላል፦ «አባቴ፣ ጫጩቱን አይንኩት፤ ጽሑፉ የሚለው ደቃቁን ነው፤ ደቃቁ አድጎ የጨረሰ ነው።» ለዚህ መልስ የሚበቃ ቃል በመዝገበ ቃላታችን ውስጥ እንዲገባ ማድረግ የእኛ የሙያ ግዴታ ነው።